ከሚጠላን ሰው እጅ የወጣ ሥራ

አምቦ ከተማ ውስጥ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚያስተምር አንድ ወዳጅ አለኝ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ ይኖራል፣ በሌላው ስድስት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ደርድሮ ተማሪ ይቀበላል። ከጉደርና ከጊንጪ፣ ከጌዶና ከባኮ ልጆች ይመጡበታል። ሲመለሱም ባዶ እጃቸውን አይመለሱም፤ ከኢንተርኔት እያወረደ ያጠራቀማቸውን በነጻ የሚታደሉ ፕሮግራሞች በፍላሽ ገልብጦ ያሲዛቸዋል። ይህ ለአዲስ አበባ ሰው ተራ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን መስመሩ ቀርፋፋ፣ ክፍያውም ለተማሪ ኪስ ከባድ በሆነበት፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እንዳየነውም ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ለሳምንታት ድርግም ሊል በሚችልበት ሁኔታ ያች ፍላሽ የድሃ ልጅ ቤተ መጻሕፍት ናት።

ባለፈው ክረምት ልጠይቀው በሄድኩ ጊዜ ተማሪዎቹ ክርክር ገጥመው አገኘኋቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። ወዳጄ ከሚያድላቸው ፕሮግራሞች የአንዱ ሠሪ በሙያው አንቱ የተባለ ሰው ነው። በሌላ በኩል ግን ስለ ሙስሊሞችና ስለ ጥቁር ስደተኞች ጥላቻ የሞላበት ጽሑፍ የሚጽፍ ሆኖ ተገኘ። ጽሑፉን ያገኘችው አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። አንብባ፣ ለጓደኞቿም አስነብባ ስታበቃ፣ «ቲቸር፣ የዚህን ሰው ሥራ ከፍላሹ ላይ ያጥፉልን» ብላ ጠየቀች።

አንዱ ተማሪ ሳቀባት። «የአምቦ ውኃ ስንጠጣ ጠርሙሱን የሞላው ሰው ስለ እኛ ምን እንደሚያስብ እንጠይቃለን እንዴ?» አላት።

እርሷም አልዘገየችም። «ውኃው የሰውየው አይደለም፤ አላህ ከመሬት ያፈለቀው ነው። ይህ ግን ከራሱ ጭንቅላት የወጣ ነው፤ ስሙም በላዩ ተጽፏል። በየሳምንቱ ስንት ልጅ እጅ ላይ ያን ስም እንደምናስቀምጥ አስባችኋል?» አለች።

ወዳጄ ወደ እኔ ዞሮ «ጋዜጠኛው፣ እስቲ አንተ ፍረድ» አለኝ። እኔም ሻዬን እያማሰልኩ፣ ሁለቱንም የማያስከፋ ሁለቱንም የማይጠቅም አንድ ሁለት ቃል ተናግሬ ወጣሁ። ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ጊንጪን፣ አዲስ ዓለምን፣ ሆለታን አልፌ እስክገባ ድረስ ያልመለስኩት ጥያቄ ከጎኔ ተቀምጦ አብሮኝ ተጓዘ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ያን ዕለት የሸሸሁትን ለመመለስ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንረዳ። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክፍት ምንጭ የሚባለው ሶፍትዌር፣ ሠሪው የፕሮግራሙን የውስጥ ጽሑፍ ለማንም ገልጦ፣ ተጠቀሙበት፣ መርምሩት፣ አሻሽሉት፣ ለሌላም አካፍሉት ብሎ የሚለቀው ሥራ ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 «ግኑ» የተባለውን ሥራ አወጀ። ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን ለቀቀ። ዛሬ በብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ ያለው የአንድሮይድ ስልክ የተሠራው በሊኑክስ ላይ ነው። በሺህ የሚቆጠሩትን እንዲህ ያሉ ሥራዎች ሰብስበው፣ ፈትሸው፣ በአንድ አስረው የሚያከፋፍሉ ማኅበራትም አሉ፤ በ1993 የተጀመረው ደቢያን አንዱ ነው። የአምቦው ወዳጄ በስድስት ኮምፒዩተርና በአንዲት ፍላሽ የሚሠራው እነርሱ በሰፊው የሚሠሩትን ነው።

በዚህ ዓለም ውስጥ በ1998 የጸና አንድ ደንብ አለ። ክፍት ምንጭ ለመባል የበቃ ፈቃድ በሰውና በሰው መካከል፣ በቡድንና በቡድን መካከል አያዳላም። ደንቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁለት ስለት አለው። በ2019 በነጭ ዘረኞች መናኸሪያነቱ የሚታወቀው ጋብ የተባለው መድረክ፣ ማስቶዶን የተባለውን ክፍት ሶፍትዌር ወስዶ ቤቱን በእርሱ ሠራ። የማስቶዶን ሠሪዎች ድርጊቱን አወገዙ፤ በፈቃዳቸው መሠረት ግን መከልከል አልቻሉም። በሩ ለሁሉም ተከፍቷልና ጠላትም ገባ።

ልብ እንበል፤ ይህ ደንብ የሚናገረው ስለ ተጠቃሚው ነው። አከፋፋዩ የማንን ሥራ ተሸክሞ ለሰው ማድረስ እንዳለበት አይደነግግም። ሠሪው ሥራውን ለሁሉም ሊለቅ ይችላል፤ እኔ ግን ያን ሥራ በእጄ ይዤ ለጎረቤቴ የማድረስ ግዴታ የለብኝም። ስለዚህ የልጅቷ ጥያቄ በፈቃድ ወረቀት የሚመለስ አይደለም፤ የኅሊና ጥያቄ ነው።

ሠሪውን ከሥራው መለየት ይቻላል የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት አንድ ታሪክ አለ። ሐንስ ራይዘር የተባለ ባለሙያ በሊኑክስ ላይ ፋይሎች የሚደራጁበትን አንድ ሥርዓት ሠርቶ በ2001 ከሊኑክስ ጋር ተዋሐደ። ሰውየው በ2008 ሚስቱን በመግደል ወንጀል ተፈረደበት። ሥራው ግን አልተጣለም፤ ከፍርዱ በኋላ ከአሥራ ስድስት ዓመታት በላይ ከሊኑክስ ጋር ሲታደል ቆይቶ በ2025 መጀመሪያ በወጣው እትም ተነሣ። የተነሣውም አርጅቶ፣ የሚንከባከበው ጠፍቶ እንጂ በወንጀሉ ምክንያት አልነበረም።

ይሁን እንጂ የራይዘር ጉዳይ ከእኛው ይቀላል። ነፍሰ ገዳይ ወንጀሉ በአንዲት ነፍስ ላይ ነው፤ ፍርዱንም ተቀብሏል። ጥላቻ የሚሰብክ ሰው ግን ንግግሩ ዛሬም አልቆመም፤ የሚናገረውም ስለዚያው ፕሮግራሙን ከፍታ ስለምትማርበት ልጅ ነው። «ሥራውን ብቻ ውሰጂ» ስንላት፣ ሲሰድባት የዋለውን ሰው አመስግነሽ ተቀበዪ እንዳልናት ሊሰማት ይችላል። ስሜት ነው ብለን የምናልፈውም አይደለም። የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ በነበሩት ቀናት በበርካታ የኦሮሚያ ከተሞች ሰዎች በማንነታቸው ተገድለዋል፣ ቤትና ሱቅ ተቃጥሏል። የጥላቻ ቃል ምን እንደሚያበስል ያየ ሰው «ቃል ብቻ ነው» ሊል አይችልም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ይህ ጥያቄ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አዲስ ነገር እንዳይመስለን። እኛ ኢትዮጵያውያን ከአራት መቶ ዓመታት በላይ አብሮን የኖረ ምሳሌ አለን።

አባ ባሕርይ የተባሉ መነኩሴ በ1593 ገደማ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ በግዕዝ አንድ አጭር መጽሐፍ ጻፉ። የመጽሐፉን ርእስ እዚህ አልጽፈውም፤ ሕዝቡን ዛሬ ማንም ጨዋ ሰው በማይጠራበት ስም ይጠራልና። መነኩሴው ይኖሩበት የነበረው ጋሞ በጦርነቱ ተወሮ ንብረታቸው ተዘርፏል፤ ቁጣቸው ምንጭ የሌለው አልነበረም። ቢሆንም በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ለመግለጽ የተነሡት የዚያን ሕዝብ ለመግደል መቸኮልና የጠባዩን አውሬነት እንደሆነ በግልጽ ያስታውቃሉ። ጥላቻው የተሸሸገ አይደለም።

በዚያ ጥላቻ በተሞላ ብዕር ውስጥ ግን ሌላ ቦታ የማይገኝ ዕውቀት አለ። የቦረናና የበሬንቱማ የትውልድ ሐረግ፣ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የተረከቡት የገዳ ሉባዎች ስም ከነተራቸው፣ እያንዳንዱ ሉባ የዘመተበት አገር፣ ሁሉም በዝርዝር ተጽፏል። አስመሮም ለገሠ በ1973 ስለ ገዳ ባሳተሙት ጥናት የዘመን ቆጠራውን ሲመረምሩ የባሕርይን ዝርዝር ተጠቅመዋል። ሙሐመድ ሐሰን የተባሉት የታሪክ ምሁር በ1990 ካምብሪጅ ያሳተመላቸውን የኦሮሞ ታሪክ ሲጽፉ መነኩሴውን እየተቹም፣ እያረሙም፣ እየጠቀሱም ነው የሠሩት። ገዳ በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ሕዝብ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ከአራት ክፍለ ዘመናት በፊት ገዳ እንዴት ይሠራ እንደነበር ከሚመሰክሩት ቀደምት ጽሑፎች ዋነኛው ኦሮሞን በሚጠላ ሰው እጅ የተጻፈ ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። አባ ባሕርይ ራሳቸው የእኛን ጥያቄ አስቀድመው አንሥተውታል። «የክፉዎችን ታሪክ እንደ ደጎቹ ታሪክ ለምን ጻፍክ?» የሚል ወቃሽ እንደሚመጣ ገምተው መልስ ሰጥተዋል። የመልሳቸው ፍሬ ነገር፣ የሃይማኖታችን ጠላቶች ቢሆኑም የነቢዩ ሙሐመድና የሙስሊም ነገሥታት ታሪክ በመጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል የሚል ነው። ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ጠላት ተብለን የተቆጠርነው እኛ ነን። መነኩሴው የጠሏቸውን ሕዝቦች ታሪክ መያዝ ተገቢ መሆኑን ለማስረዳት እኛን ምስክር አድርገው ጠሩን። በእምነታችን ላይ የሰነዘሩትን አልቀበልም፤ ክርክራቸው ግን ትክክል ነው። የምትጠላውን ማወቅ ትችላለህ፤ ከሚጠላህም መማር ትችላለህ።

ደግሞም መጽሐፉ መጨረሻው አካባቢ ጥላቻ ዓይናቸውን እንዳልጋረደው ያሳያል። ኦሮሞ ለምን እንዳሸነፈ ሲጠይቁ ጥፋቱን በገዛ ወገናቸው ላይ ያገኙታል። የእኛ ሰው በአሥር ክፍል የተከፈለ ነው፣ ከአሥሩ የሚዋጋው አንዱ ብቻ ነው፣ መነኩሴውም ሹሙም ሌላውም ምክንያት እየፈጠረ ከጦርነት ይቀራል፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ታላቅም ታናሽም ይዋጋል ይላሉ። የአንድን ሰው ሥራ በጥላቻው ምክንያት ብቻ ብንጥል እንዲህ ያለውን የእውነት ቃልም አብረን እንጥላለን።

ለፍትሕ ሲባል መስተዋቱን ወደ ራሳችንም እናዙር። ዐረብ ፈቂህ በመባል የሚታወቁት ሺሃቡዲን አሕመድ የኢማም አሕመድን ዘመቻ ታሪክ ፉቱሕ አል ሐበሻ በተባለው መጽሐፍ ጽፈውልናል። እኛ ሙስሊሞች መጽሐፉን እንደ ቅርስ እናየዋለን። ክርስቲያን ወገናችን ግን ሲያነብበው የአብያተ ክርስቲያናት መቃጠል በደስታ ሲተረክ ያገኛል። የሆነው ሆኖ በ1531 ስለ ተቃጠለችው መካነ ሥላሴ፣ በወርቅና በብር ስለ ተለበጠው ጌጧ፣ ዝርዝር መግለጫ ትተው ካለፉት ጥቂት ጸሐፊዎች አንዱ በመቃጠሏ የተደሰተው ይህ ሰው ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱን ውበት ማወቅ የሚፈልግ ክርስቲያን ከአቃጣዮቿ ወገን መጽሐፍ መዋስ ግድ ይሆንበታል። እኛ ፉቱሕ ይነበብ ስንል የባሕርይ መጽሐፍ ይቃጠል ማለት አንችልም። ሚዛኑ አንድ ነውና።

ከመጻሕፍቱም አልፈን ራሱን ቋንቋውን እንይ። ይህን የምጽፈው በአማርኛ ነው። በአማርኛ የምሳሌያዊ አነጋገር ስብስቦች ውስጥ ሙስሊሙን፣ ኦሮሞውን፣ ሴቲቱን፣ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን የሚያዋርዱ ስንት ምሳሌዎች ታትመዋል! በአንዳንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ውስጥ ያሉት ፍቺዎችም ከዚያ አይሻሉም። ታዲያ አማርኛን ተውነው? በ1961 ዓ.ም. የቁርኣን ትርጉም የታተመው በዚሁ ቋንቋ ነው። ከአምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለዱት፣ በአባታቸው ኦሮሞ የሆኑት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የአባታቸው ወገን ሲዋረድበት በኖረው ቋንቋ ታላቅ ባለቅኔ ሆኑ። መሣሪያ የሚጠላን ሰው ስለ ሠራው ብቻ የእርሱ ሆኖ አይቀርም። የተማረው፣ ያጠራው፣ ለበጎ ያዋለውም ባለቤት ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ያልኩት ሁሉ የሳቀውን ተማሪ የሚደግፍ ይመስላል። ልጅቷ ግን ገና አልተሸነፈችም። በእርሷ ቦታ ብሆን የምሰጠው መልስ አለኝ። አባ ባሕርይ ከሞቱ ዘመናት አለፉ፤ መጽሐፋቸውን ባሰራጨው አንዲት ሳንቲም፣ አንዲት ጭብጨባ አይደርሳቸውም። ፕሮግራም ሠሪው ግን በሕይወት አለ። ሥራው በተዳረሰ ቁጥር ስሙ ይገናል፣ ጉባኤ ይጋበዛል፣ የተከታዮቹ ቁጥር ይጨምራል፤ ያን ሁሉ ዝና ይዞ ጥላቻውን የሚያሰማበት ሰገነት ከፍ ይልለታል። መጽሐፍ ደግሞ ከታተመ በኋላ አይለወጥም። ሶፍትዌር ግን በየጊዜው ይታደሳል፤ የማደሻው ቁልፍ ያለው በሠሪው እጅ ነው። ይህ የፈጠራ ስጋት አይደለም። በመጋቢት 2022፣ የዩክሬን ጦርነት በተቀጣጠለ ሰሞን፣ ኖድ አይፒሲ የተባለ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ክፍት ሶፍትዌር ባለቤት በጦርነቱ ተቆጥቶ፣ በሩሲያና በቤላሩስ ያሉ ኮምፒዩተሮችን ፋይል የሚያጠፋ ትእዛዝ በእድሳቱ ውስጥ ደብቆ ለቀቀ። ቁጣው በዓላማው ተገቢ ነው የሚል ሊኖር ይችላል፤ የተመታው ግን አገሩን የመረጠ ጄኔራል ሳይሆን በዚያ አገር የተገኘ ማንኛውም ሰው ነበር። በሕዝብ ላይ የተነሣ ስሜት ወደ ኮድ ሊገባ እንደሚችል በዚያ ጊዜ ታየ።

ስለዚህ «ሥራው ሥራ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። መለኪያ ያስፈልገናል። መለኪያውን ስፈልግ ደግሞ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። የእኛ የሐዲስ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በጥልቀት መርምረውታል።

ዒምራን ኢብን ሒጣን የኸዋሪጅ ወገን ነበር። ኸዋሪጆች ዐሊይን (ረ.ዐ.) የገደሉ ናቸው፤ ዒምራን ደግሞ ገዳዩን በግጥም ያወደሰ ሰው ነው። ለአንድ ሙስሊም ከዚህ የከፋ የጥላቻ አቋም ማሰብ ያስቸግራል። ነገር ግን ኢማም አል ቡኻሪ (ረሒመሁላህ) በሶሒሓቸው ውስጥ ከእርሱ የተላለፈ ዘገባ አስገብተዋል። ሊቃውንቱ በዚህ ተከራክረዋል። አንዳንዶቹ ቡኻሪን ተችተዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ ኸዋሪጆች ውሸትን ከከባድ ኃጢአት የሚቆጥሩ በመሆናቸው በዘገባ አይዋሹም ብለው ተከላክለዋል። ከክርክሩ የወጣው መመዘኛ ግን እጅግ ብስለት ያለው ነው። የመጀመሪያው፣ ሰውየው በያዘው ጉዳይ እውነተኛና ታማኝ ነው ወይ? ሁለተኛው፣ ለተሳሳተ መንገዱ ሰው የሚሰብክ፣ ተከታይ የሚያበዛ ነው ወይ? ሦስተኛው፣ ያስተላለፈው ዘገባ ያንኑ የተሳሳተ መንገዱን የሚደግፍ ነው ወይ? ሊቃውንቱ ሰውየውን አልወደዱትም፣ አላከበሩትም፣ ስሕተቱንም አልሸፋፈኑም። የእውነትን ቃል ግን ከአፉ ተቀበሉ። ሰባኪ በሆነው ላይ ግን አንድ አልሆኑም፤ ብዙዎቹ የሰባኪውን ዘገባ መተውን መርጠዋል፤ ስሙን ከፍ ማድረግ ስብከቱን ከፍ ማድረግ ነውና።

ይህን መመዘኛ ወደ ወዳጄ ፍላሽ ብናመጣው እንዲህ ይሆናል።

ጥላቻው በሥራው ውስጥ ካለ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ራሱ የሚሳደብ፣ የሚያዳላ፣ አንዱን ወገን ለመጉዳት የተሠራ ከሆነ፣ ክርክር የለውም፤ ይጣል። የሠሪውን ሰገነት የሚያስጠጋ ነገር ካለበትም፣ ለምሳሌ ሲከፈት ወደ ጽሑፎቹ የሚመራ ገጽ፣ ገንዘብ የሚጠይቅለት ማስታወቂያ ቢኖርበት፣ ያ ይነሣ። ክፍት ምንጭ ማለት እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል፤ ፈቃዱ ማሻሻልን ይፈቅዳልና የሰውየውን በረከት ተቀብለን እርግማኑን መመለስ እንችላለን። የእድሳቱን ቁልፍ በእጁ አንተውለት፤ ባለሙያዎች መርምረው የተቀበሉትን ብቻ እንቀበል። ይህም ባይበቃ ሥራውን ወስዶ በሌላ ስም፣ በሌላ ጠባቂ እጅ ማሳደግ በክፍት ምንጭ ዓለም የተለመደ መንገድ ነው። የሠሪነት ስሙን ግን መፋቅ አይገባም፤ እርሱ አማና ነው፣ የሰውን ልፋት መስረቅም አይፈቀድልንም። ስሙ በሥራው ላይ ይኑር፤ ውዳሴው፣ ወንበሩና አመራሩ ግን አይከተሉት። ሥራን መቀበል አንድ ነገር ነው፤ ሠሪውን የቤቱ አባወራ አድርጎ ማስቀመጥ ሌላ ነው። በጋራ በሚሠራ ቤት ውስጥ ሌሎቹን የሚያዋርድ ሰው ከወንበሩ ቢነሣ ቤቱ ፍትሕ አገኘ እንጂ አልተበደለም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ዳኛው ማን ነው? ዛሬ የእኔን ጠላት የሚያስወግደው እጅ ነገ እኔን አያስወግድም ወይ? ይህን ተቃውሞ ኢትዮጵያዊ ሰው አቃልሎ ሊያየው አይችልም። በአገራችን ሥልጣን የያዘ ሁሉ የሚጠላውን ሰው ጸረ ሕዝብ፣ ጠባብ፣ ትምክህተኛ፣ አክራሪ እያለ ሲሰይም አይተናል። እነዚህ ቃላት ማንን እንዳሳሰሩ አንባቢ ያስታውሳል። በዚህ ምክንያት ነው የአንድን ሰው ልብ መርምሮ ሥራውን ሁሉ መከልከልን የምፈራው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 እንኳን የሚቀጣው ንግግሩንና ማሰራጨቱን ነው፤ ለትምህርትና ለምርምር፣ ለዜና ዘገባና ለኪነ ጥበብ የሚሆነውንም ለይቶ ትቶታል። አንድ ሰው የጥላቻ ንግግር ተናገረ ማለት የሠራው ድልድይ ይፍረስ ማለት አይደለም። ከሰውየው ንግግር ጋር እንዋጋ፤ በሥራው ላይ ደግሞ በሥራው ልክ እንፍረድ።

ሁለተኛውን ፍርሃቴን ልጨምር። ቁርኣን በአል ማኢዳ ምዕራፍ ለአንድ ሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያስወጣን ያስጠነቅቀናል። ስለዚህ ራሴን እንዲህ ብዬ ጠየቅሁ፦ የዚያ ፕሮግራም ሠሪ ሙስሊም ቢሆንና የሚሳደበው ክርስቲያኖችን ወይም ሌላ ብሔረሰብ ቢሆን፣ ከፍላሹ ይጥፋ ብዬ እነሣ ነበር? ወይስ «ልጁ ጎበዝ ነው፣ ምላሱ ብቻ ትንሽ ይከፋል» ብዬ አልፈው ነበር? እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ይቀለኛል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ከላይ ያስቀመጥኩትን መለኪያ አጥብቄ ያዝሁት፤ ጎረቤቴ በእኔ ወገን ላይ ቢያነሣው የማላማርርበት መለኪያ እርሱ ነውና።

ይህን ሁሉ ለአምቦው ወዳጄ በስልክ ነገርኩት። ታግሦ ከሰማኝ በኋላ «አንተ በሁለት ወር የደረስክበትን ልጆቹ በሁለት ሳምንት ጨርሰውታል» ብሎ ሳቀብኝ። ፕሮግራሙን ከፍላሹ አላጠፉትም። ወደ ሰውየው ጽሑፎች የሚመራውን ገጽ ግን ቆርጠው አወጡት፤ የቆረጠውም ያ የአምቦ ውኃን የጠቀሰው ተማሪ ነው። ከጎኑ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ፣ በሌሎች የተዘጋጀ ፕሮግራም ጨመሩ፤ የፈለገ የፈለገውን ይውሰድ ብለው።

«ልጅቷስ?» አልኩት።

«ሌላውን ወሰደች። ቀርፋፋ ነው፤ ብዙ ነገር ይጎድለዋል። እኔም ነገርኳት። ‹ይዘግይ፣ ስከፍተው ሆዴ አይረበሽም› አለችኝ» አለኝ።

በዚህ ላይ የምጨምረው ክርክር የለኝም። እኔ ስለ ባሕርይና ስለ ዒምራን ማስረዳት እችላለሁ፤ ስድቡ የተሰነዘረው ግን በእርሷ ላይ ነው፣ ፕሮግራሙንም በየማለዳው የምትከፍተው እርሷ ናት። ማከፋፈል ይፈቀዳል ማለት መቀበል ግዴታ ነው ማለት አይደለም። ማኅበረሰብ ለሁሉም የሚበጀውን በሚዛን ሊወስን ይችላል፤ የተሰደበ ሰው ግን «በቃኝ» የማለት መብቱ የራሱ ነው፤ ያንንም ማንም ሊነጥቀው አይገባም። የሰውየውን ስም እዚህ ያልጻፍኩትም ለዚሁ ነው፤ በሥራው ላይ ተጽፏል፣ እዚያ ይበቃዋል።

ወላሁ አዕለም።